ስሙ ሪቻርድስ ይላል፤ ማን ሠራው? መቼስ?

ይህ ጠመንጃ እኔ ጋ የደረሰው ሁለት ፍርድ ተሰጥቶበት ነው።

ባለቤቱ "ዌስትሊ ሪቻርድስ ነው፤ የ1850ዎቹ የእንግሊዝ ሥራ፤ አሥር ሺህ ዶላር ያወጣል" ይላሉ። እዚሁ ቨርጂኒያ ያለ አንድ የጠመንጃ ነጋዴ ደግሞ አንዴ ገልመጥ አድርጎት "የቤልጅየም ፎርጅድ ነው፤ ግድግዳ ላይ ስቀሉት" ብሎ መልሷቸዋል። የሚገርመው፣ ሁለቱም ያነበቡት አንድ ነገር ብቻ ነው። በጎኑ ብረት ላይ የተቀረጸውን "ደብልዩ ሪቻርድስ" የሚል ስም።

ባለቤቱ የአርማጭሆ ሰው ናቸው። ውጅግራውን ከምንሽሩ በድምፁ ለይተው ነው ያደጉት። አሜሪካ ከመጡ በኋላ አንድ አረጋዊ ገበሬን ቤቱ ድረስ እየሄዱ ሲያስታምሙ ቆዩ። ሰውዬው ሲያርፍ ልጆቹ ይህን ባለሁለት አፈሙዝ ለመታሰቢያ ሰጧቸው። ታሪክም አብሮ ተሰጣቸው። የሟቹ ቅድመ አያት ከአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት በፊት ከእንግሊዝ ያመጣው ነው ተባሉ። ጦርነቱ የተጀመረው በ1861 ነው። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው።)

ጋሼ ወደ እኔ ሲመጡ ጥያቄያቸው አጭር ነበር። "አንተ ልጅ፣ የትኛው ነው የዋሸኝ?"

ነገሩ የክብር ጉዳይ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ የፌዴራል ሕግ፣ ማለትም በ1968ቱ የጠመንጃ ቁጥጥር አዋጅ፣ በ1898 ወይም ከዚያ በፊት የተሠራ ጠመንጃ "ጥንታዊ" ተብሎ ከሌላው መሣሪያ ተለይቶ ይታያል። በ1899 የተሠራው ግን ተራ ጠመንጃ ነው። አንድ ዓመት ወዲህ ወይም ወዲያ ማለት ሌላ ሕግ ማለት ነው። ስለዚህ "መቼ?" የሚለው ጥያቄ "ማን?" ከሚለው ባልተናነሰ ያስፈልገን ነበር።

መጀመሪያ ስሙን እንይ። ሪቻርድስ ሲባል ቢያንስ ሦስት በር ይከፈታል።

አንደኛው ትልቁ በር ነው። ዊልያም ዌስትሊ ሪቻርድስ በ1812 በርሚንግሃም ላይ የመሠረተው ቤት ከእንግሊዝ አንጋፋ ጠመንጃ ሠሪዎች አንዱ ነው። በ1875 ከዚሁ ቤት አንሰንና ዲሊ የተባሉ ሁለት ሰዎች መዶሻው ከውስጥ የተደበቀ አዲስ ዓይነት የአደን ጠመንጃ ፓተንት (የፈጠራ መብት) አወጡ። ዛሬም ድረስ ዓለም እሱን ነው የሚቀዳው። ሁለተኛው በር ሊቨርፑል ነው። እዚያ ደብልዩ ሪቻርድስ የሚባል፣ ከበርሚንግሃሙ ቤት የተለየ፣ የራሱ ሱቅ ያለው እውነተኛ የጠመንጃ ነጋዴ ነበር። ሦስተኛው በር የቨርጂኒያው ነጋዴ ያየው ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የቤልጅየሟ ሊዬዥ ከተማ ርካሽ ባለሁለት አፈሙዝ በብዛት እያመረተች ወደ አሜሪካ ትልክ ነበር። እንደ ኒውዮርኩ ፎልሶም ያሉ አስመጪዎች ታዋቂ የእንግሊዝ ስም የሚመስል ስም እያስቀረጹ ይሸጧቸው ነበር። "ደብልዩ ሪቻርድስ" እና "ቲ ባርከር" በብዛት ከሚታዩት መሀል ናቸው። ገዢው "ዌስትሊ" የሚለውን በሐሳቡ እንዲሞላው ታስቦ ነው እንጂ ስሙ በአጋጣሚ አልተመረጠም።

ስለዚህ ነጋዴው ባዶ ሜዳ ላይ አልተናገረም። አሜሪካ ውስጥ ይህን ስም የያዘ ጠመንጃ ብታገኝ ቤልጅየም የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። ችግሩ ዕድሉ ሰፊ ነው ብሎ ሳይገለብጡ መፍረዱ ነው። የጋሼም ግምት ከዚህ አይሻልም። እውነተኛ የዌስትሊ ሪቻርድስ ሥራ ስሙን በሙሉ ይጽፋል እንጂ "ዌስትሊ"ን በአንድ ፊደል አያሳጥርም። የሚኮሩበትን ስም ማን ይቆርጣል?

ሌላው ነገር፣ ብረት ላይ ስም ስላለ ብቻ የሠሪው ነው ማለት አይደለም። ንግሥት ቪክቶሪያ ለአፄ ቴዎድሮስ የላከችው ሽጉጥ ላይ ስሟ ተቀርጾበት ነበር። ሽጉጥ ሠሪ ነበረች የሚል ግን የለም። ስሙ የሰጪው፣ የተቀባዩ፣ የሻጩ ወይም የአጭበርባሪው ሊሆን ይችላል።

ወደ ጠመንጃው ልመለስ። ከሩቅ ሲታይ እንዲህ ነው። ሁለት በርሜሎች ጎን ለጎን ተጣምረዋል። በሁለቱም ወገን በአውራ ጣት ወደ ኋላ የሚሳቡ መዶሻዎች አሉ። ከላይ ወደ ቀኝ ስትገፋት በርሜሎቹን የምትከፍት የብረት ምላስ አለች። በርሜሎቹ የደማስቆ ናቸው፤ የብረትና የአረብ ብረት ዘንጎች ተጠማዘው፣ እንደ ጥምጥም ተጠቅልለውና ተቀጥቅጠው የተሠሩ። ጥቁሩና ነጩ መስመር ዛሬም ደብዘዝ ብሎ ይታያል። ቅርጹ ተራ ነው፤ ትንሽ አበባና አንዲት የተጎሳቆለች ወፍ።

የቤተሰቡን ታሪክ ውድቅ ለማድረግ ከዚህ በላይ መሄድ አላስፈለገም። በ1851 ለንደን ላይ በተደረገው ታላቁ ዐውደ ርዕይ ፈረንሳዊው ለፎሾ ከኋላ የሚጎርስ ጠመንጃ አሳየ። እንግሊዞቹ እሱን አይተው መሥራት የጀመሩት ከዚያ በኋላ ነው። የዚያ ዘመን ጥይት ደግሞ ጎኑ ላይ መርፌ ነበረው። መርፌው የሚወጣበት ትንሽ ጎድጓዳ በርሜሉ ጫፍ ላይ ይታያል። የጋሼ ጠመንጃ ላይ ያ ጎድጓዳ የለም። ቀለሁን የሚመታው ከመሀል ነው። የመሀል መቺው ጥይት እንግሊዝ ውስጥ የተዋወቀው በ1861፣ ዶ በተባለ የለንደን ጠመንጃ ሠሪ ነው። በርሜሎቹን ከሥር የሚይዘው ባለሁለት ጥርስ መቆለፊያ የጄምስ ፐርዲ ነው፤ 1863። ያቺ ከላይ ያለችው ምላስና ዘንጓ የበርሚንግሃሙ የስኮት ቤት ፓተንት ናት፤ 1865። መዶሻዎቹ ደግሞ ከተመቱ በኋላ በራሳቸው ትንሽ ወደ ኋላ ይመለሳሉ። ቀስ አድርጌ አውርጄ በባትሪ ሳየው በመዶሻውና ቀለሁን በሚመታው የጠመንጃው መርፌ መሀል ወረቀት የሚያሳልፍ ክፍተት ነበር። ይህ የስታንተን ሥራ ነው፤ 1867።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ፓተንት የሚነግርህ "ከዚህ በፊት ሊሆን አይችልም" የሚለውን ብቻ ነው። "ከዚህ በኋላ ሊሆን አይችልም" አይልህም። በ1867 የተፈለሰፈ ነገር በ1920ም ሊሠራ ይችላል። መዶሻውም ቢሆን ወለል እንጂ ጣሪያ አይሰጥህም። መዶሻ ስላለው ብቻ ከ1875 በፊት ነው የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ስለ ንጉሥ ጆርጅ አምስተኛ ንገሩት። በዘመኑ ከነበሩት ምርጥ ተኳሾች አንዱ ነበር። በ1936 እስኪሞት ድረስ ባለ መዶሻ የፐርዲ ጠመንጃ ነው የያዘው። መዶሻ የሌለውን መግዛት አቅቶት አይመስለኝም።

ነጋዴውን ሳያሳስተው አልቀረም ብዬ የማስበው ሌላ ነገርም አለ። ከበርሜሎቹ ሥር ያለው የፊተኛው እንጨት የተያዘው በአግድም በሚገባ ሽብልቅ ነው። በ1870ዎቹ መጀመሪያ ከወጡት የተሻሉ መያዣዎች አንዱ አይደለም። ሽብልቁ የጥንት ጠመንጃዎች ምልክት ስለሆነ አሮጌ ያስመስለዋል። እውነቱ ግን ርካሽ ነው። ለአዲስ ፓተንት መክፈል የማይፈልግ ሠሪ የድሮውን ሽብልቅ ለረጅም ጊዜ ሲጠቀምበት ኖሯል። ነጋዴውም ይህን ርካሽነት አይቶ ይሆናል ቤልጅየም ያለው።

አሁን ወደ ዋናው ቦታ እንሂድ። ሽብልቁን ገፍቼ አወጣሁ፤ እንጨቱን አነሳሁ፤ በርሜሎቹን ከገላው ነጠልኩና ገለበጥኩ። ሠሪው ለዓይን ብሎ ያላስጌጠው፣ ገዢው የማያየው ጠፍጣፋ ሆድ እዚያ ነው። የዘይት ጭቃ ሞልቶበታል።

ጋሼ ወዲያው ከኪሳቸው የብረት ሱፍ አወጡ። "ኧረ በእግዚአብሔር!" አልኳቸው። አሮጌ ጠመንጃን በብረት ሱፍና በአሸዋ ወረቀት ማሸት መታወቂያውን ቀድዶ መጣል ነው። ለስላሳ ዘይት፣ ያረጀ የጥጥ ጨርቅ፣ የጥርስ መፋቂያ እንጨትና ትዕግሥት ይበቃል። ዘይቱ ሌሊቱን አደረበት። በማግስቱ ክፍሉን አጨልመን ባትሪውን ከጎን አስተኝቼ ሳበራበት ማህተሞቹ አንድ በአንድ ተነሡ።

ቤልጅየም ቢሆን የምንጠብቀው ሞላላ ክብ ነበር። በውስጡ "ኢኤልጂ" የሚሉ ሦስት ፊደላት ያሉበት የሊዬዥ ፍተሻ ቤት፣ ማለትም የበርሜል ጥንካሬ የሚፈተሽበት ቤት፣ ማህተም። ከ1893 ወዲህ ከሆነ ከበላዩ ዘውድ ይጨመርበታል። ሊዬዥ ላይ ስሙን እንደፈለጉ ሊዋሹበት ይችላሉ። ፍተሻ ቤቱን ግን ማለፍ ግዴታቸው ነው። አገላብጬ ፈለግሁ። ሞላላ ክብ የሚባል ነገር የለም።

የነበረው ሌላ ነው። ዘውድ፤ ከዘውዱ ሥር የተመሳቀሉ ሁለት በትረ መንግሥት፤ በበትሮቹ መሀል ባሉት ክፍተቶች "ቢ፣ ፒ፣ ሲ" የሚሉ ፊደላት። ከጎኑ ደግሞ ተመሳሳይ ዘውድና በትር ሆኖ "ቪ" የሚል ብቻ ያለበት። ይህ የበርሚንግሃም ፍተሻ ቤት ነው። ለንደን ላይ ይህን ሥራ ከ1637 ጀምሮ ቻርተር ያለው የጠመንጃ ሠሪዎች ማኅበር ይሠራ ነበር። በርሚንግሃም የራሷን ፍተሻ ቤት ያገኘችው በ1813 በፓርላማ አዋጅ ነው። ሥራው ቀላልና ጨካኝ ነው። በርሜሉን ከመደበኛው በላይ ባሩድ አጉርሰው ይተኩሱታል። ከፈነዳ ፈነዳ። ካልፈነዳና ታይቶ ነቅ ካልተገኘበት ይመታበታል። "ቪ"ዋ ማለት ታይቶ አልፏል ማለት ናት።

ጋሼ ጠጋ ብለው አዩና "ዘውድ ካለበትማ የንግሥቲቱ ነዋ!" አሉ። የሁሉም ነው፣ ጋሼ።

ይህ የበትር ማህተም ከ1813 እስከ 1904 ድረስ ነው ያገለገለው። ከ1904 በኋላ በርሚንግሃም በዘውድ ሥር "ቢፒ"፣ "ቢቪ"፣ "ኤንፒ" ወደሚሉ ማህተሞች ተሸጋገረች። ስለዚህ አገሩ ተለየ፤ እንግሊዝ፣ በርሚንግሃም። ዓመቱ ግን ገና 91 ዓመት ስፋት አለው። 1898ም መሀሉ ላይ ነው የተቀመጠው።

ያዳነን በሁለቱ በርሜሎች ላይ የተለያየ ነገር መጻፉ ነው። ቀኙ በርሜል ላይ "13" የሚል ቁጥር ብቻ አለ። ግራው ላይ ግን "13 ቢ" ይልና ከሥሩ "14 ኤም" ይላል። ከዚያ በትንንሽ ፊደላት "ኖት ፎር ቦል" የሚል ጽሑፍ ይከተላል።

ጋሼ እዚህ ላይ ተናደዱ። "12 ጌጅ ነው አላላችሁኝም? የት አለ 12?"

12 የለም። ለማስረዳት አንድ ቁራጭ ወረቀት አስፈለገ። የጠመንጃ ቁጥር የሚቆጠረው በእርሳስ ነው። 1 ፓውንድ እርሳስ ወስደህ 12 እኩል ድብልብል አድርገው። አንዱ ድብልብል ልክ የሚገባበት በርሜል 12 ይባላል፤ ስፋቱ 0.729 ኢንች ነው። 13 ብታደርገው ድብልብሉ ያንሳል፤ በርሜሉም 0.710 ይሆናል። 14 ከሆነ 0.693። ቁጥሩ ሲያድግ ቀዳዳው ይጠባል። የዚህ ጠመንጃ የጥይት ማስቀመጫ ክፍል የ12ን ቀለህ ይቀበላል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው በርሜል ግን ትንሽ ጠበብ ተደርጎ 13 ነው የወጣው። ያኔ ይህ የተለመደ ነበር፤ ፍተሻ ቤቱም የሚጽፈው የለካውን ነው እንጂ ሻጩ የሚለውን አይደለም።

"ቢ" የበርሜሉ መሀል ነው፤ "ኤም" አፉ። ግራው በርሜል መሀሉ 13 ሆኖ አፉ ጋ ሲደርስ ወደ 14 ይጠባል። ፈረንጆቹ ቾክ የሚሉት ይህ ነው። አፉ ሲጠብ የእርሳሱ ፍሬዎች ሳይበተኑ ራቅ ብለው ይሄዳሉ። ለዚህ ነው ቀኙ ለቅርብ፣ ግራው ለሩቅ የሚሆነው። የኒውካስሉ ፔፕ በ1866 ፓተንቱ ላይ ጠቅሶት ነበር። ዓለምን ያሳመነው ግን የበርሚንግሃሙ ግሪነር ነው፤ በ1874 አካባቢ። በ1875 ለንደን ላይ በይፋ ውድድር ተደርጎ አፈ ጠባቦቹ ሰፊዎቹን አሸነፉ። ከዚያ ወዲያ ሁሉም ሰው ጠባብ አፍ ፈለገ።

ፍተሻ ቤቱ የተጨነቀው እዚህ ጋ ነው። እስከዚያ ድረስ አዳኝ በዚያው ጠመንጃ አንዳንዴ ፍሬ እርሳስ፣ አንዳንዴ አንድ ትልቅ ድብልብል ይተኩስ ነበር። በመሀል 13 በሆነ በርሜል የገባ ድብልብል 14 በሆነ አፍ አይወጣም። ወይ ይቀረቀራል ወይ አፉን ይቀድደዋል። ስለዚህ በ1875ቱ ደንብ አፈ ጠባብ በርሜል ሁሉ "ኖት ፎር ቦል"፣ ማለትም "ለድብልብል አይሆንም" የሚል ማስጠንቀቂያ ይመታበት ጀመር። ጽሑፉ ብዙ ዕድሜ አልነበረውም። በ1887 ደንቡ ተቀየረና ቦታውን "ቾክ" የሚል ቃል ወሰደው። በዚያው ዓመት ለጥይት ክፍሉ ልዩ ማህተም መጣ፤ ዳይመንድ ቅርጽ ሆኖ በውስጡ 12 እና "ሲ" ያለበት። የጋሼ ጠመንጃ ላይ ዳይመንዱ የለም። 12 ያልተገኘውም ለዚሁ ነው።

1875 እስከ 1887። በቃ፣ 91 ዓመት ወደ 12 ወረደ። የ1898 ነገርም እዚሁ አለቀ።

አለቀ ከማለታችን በፊት ግን አንድ ማጣሪያ ነበር። ማህተሙ የተመታው በርሜሉ ላይ ነው። በርሜሉ የሌላ ጠመንጃ ቢሆንስ? የድሮ በርሜል ከአዲስ ገላ ጋር፣ ወይም በተቃራኒው፣ የተጋባበት ጠመንጃ ሞልቷል። መፍትሔው መለያ ቁጥሩ ነው። በርሜሉ ሆድ ላይ ያለውን ቁጥር ገላው ላይ ፈለግሁ፤ አለ። የፊተኛው እንጨት ውስጥ ያለው ብረት ላይ ፈለግሁ፤ እሱም ላይ አለ፤ በተመሳሳይ የቁጥር መምቻ። በርሜሉን ከገላው ጋር ዘግቼ ወደ ብርሃን ሳነሳው መጋጠሚያው ላይ ብርሃን አላለፈም። አብረው የተወለዱ ናቸው።

ዓመቱን ትንሽ ማጥበብ ይቻላል ብዬ ወደ ፓተንቶቹ ተመለስኩ። በእንግሊዝ ሕግ ያኔ ፓተንት የሚቆየው 14 ዓመት ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ የሌላን ሰው ፓተንት የሚጠቀም ሠሪ ይከፍላል፤ የከፈለበትንም የአጠቃቀም ቁጥር ብረቱ ላይ ይመታል። የፐርዲ መቆለፊያ ጊዜው ያበቃው በ1877 ነው፤ የስኮት ዘንግ በ1879። የጋሼ ጠመንጃ ላይ አንድም የፓተንት ቁጥር የለም። ይህ ወደ 1880ዎቹ ያስጠጋዋል። ሆኖም በዚህ አልምልም። በርሚንግሃም ጓሮ ውስጥ ሳይከፍል የሚሠራም ነበር። እኔ የጻፍኩት "1875 እስከ 1887፤ ይልቁንም ከ1877 ወዲህ" ብዬ ነው።

ከዚህ የባሰ ደካማ ምስክርም አለ። አሜሪካ በ1890 ባወጣችው የማኪንሊ የቀረጥ ሕግ የተነሳ ከ1891 ጀምሮ ወደ አገሯ የሚገባ ዕቃ የመጣበት አገር እንዲጻፍበት አስገደደች። የንግድ ጠመንጃ ላይ "ኢንግላንድ" የሚል ከታየ ከዚያ በኋላ የገባ ነው። የጋሼ ላይ አልተጻፈም። ደስ ይላል፤ ከግኝታችን ጋር ይስማማል። ግን ሰው በሻንጣው ይዞት የገባ ጠመንጃ ላይም አይጻፍም። ስለዚህ ብቻውን ምንም አያረጋግጥም።

የቀረው "ማን?" የሚለው ነው። በሁለቱ በርሜሎች መሀል በሚሄደው ሸንተረር ላይ ድሮ አድራሻ ተቀርጾ ነበር። መቶ ምናምን ዓመት ሙሉ በእጅ ሲታሽ ኖሮ በዓይን የሚነበብ ነገር አልቀረለትም። ስስ ወረቀት አስተኛሁበትና በለስላሳ እርሳስ አግድም ቀባሁት። መጀመሪያ ጭረት ብቻ ነበር። ወደ መጨረሻው ግን ስድስት ፊደላት ነጥረው ወጡ፤ ኢ፣ አር፣ ፒ፣ ኦ፣ ኦ፣ ኤል። እንግሊዝ ውስጥ "ፑል" ብሎ የሚያልቅ ከተማ ብዙ ነው። ብላክፑል አለ፤ ሃርትልፑል አለ። ከ"ፑል" በፊት ኢ እና አር ያለው ግን ሊቨርፑል ነው። ሐሰተኞቹ ጠመንጃዎች ደግሞ መዋሸት ካማራቸው ብዙውን ጊዜ "ለንደን" ነው የሚሉት። ሊቨርፑል ብሎ ለመዋሸት ምን ትርፍ አለው?

ስለዚህ ሁለተኛው በር ነው። የተፈተሸው በርሚንግሃም፣ የተሸጠው ሊቨርፑል። ይህ ለማያውቅ ሰው የሚጋጭ ይመስላል፤ ለንግዱ ግን ፍጹም ተራ ነገር ነው። የእንግሊዝ የክፍለ ሀገር ጠመንጃ ቤቶች አብዛኛውን ዕቃ ከበርሚንግሃም ያስመጡ ነበር። በርሚንግሃም ውስጥ ደግሞ ያኔ ከነበረው የቅድስት ማርያም ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ እስከ ስቲልሃውስ ሌን ድረስ ያለው ሰፈር "የጠመንጃ ሰፈር" ነው የሚባለው። እዚያ አንድ ጠመንጃ በአንድ ሰው እጅ አይሠራም ነበር። በርሜል የሚያጣምረው ሌላ፣ መምቻውን የሚሞርደው ሌላ፣ ሰደፉን የሚጠርበው ሌላ፣ አበባውን የሚቀርጸው ሌላ። ግማሽ የተሠራው ዕቃ በልጆች እጅ ከአንዱ ጓሮ ወደ ሌላው ይመላለስ ነበር። በመጨረሻ ያዘዘው ነጋዴ ስሙን ያስቀርጽበታል። በርሜሎቹ ሥር ያየናቸው ጥቃቅን የስም ፊደላት የእነዚያ ሠራተኞች ናቸው። ለነገሩ ደማስቆ በርሜሉ ራሱ በጥሬው ከቤልጅየም የመጣ ሊሆን ይችላል፤ የበርሚንግሃም ሰዎች ከዚያ ይገዙ ነበር። ነጋዴው ይህን ቢሰማ ደስ ሳይለው አይቀርም።

ለጋሼ ውጤቱን ስነግራቸው ዝም ብለው ሰሙኝ። ከዚያ ዋጋውን ጠየቁ። ተራ የክፍለ ሀገር ባለ መዶሻ፣ ቅርጹ የተጎሳቆለ፣ ሰደፉ አንገቱ ላይ የተሰነጠቀ፤ በጥቂት መቶ ዶላር የሚሸጥ ነው። አሥር ሺሁ ቀርቷል። "ፎርጅድ ግን አይደለም?" አሉ። አይደለም። "በቃ!" አሉ። ገንዘቡ ሳይሆን "ፎርጅድ" መባሉ ነበር የከነከናቸው።

ከዚያ የፈራሁት ጥያቄ መጣ። "እሺ፣ ለልጄ ሠርግ አንዴ ወደ ሰማይ ባደርገውስ?"

ቨርጂኒያ ውስጥ ከሙሽሮቹ በፊት ፖሊስ እንደሚደርስ ነገርኳቸው። ያ የሚቀለው ችግር ነው። የሚከብደው ጠመንጃው ራሱ ላይ ተጽፏል፤ ይልቁንም ያልተጻፈው ላይ። በርሜሎቹ የተፈተሹት በጥቁር ባሩድ ነው። ለጭስ አልባ ባሩድ የሚደረገው ፍተሻ በርሚንግሃም ላይ ደንብ የሆነው በ1896 ነው። ያን ያለፈ ጠመንጃ "ናይትሮ ፕሩፍ" የሚል ጽሑፍ ይኖረዋል። ድሮ ተሠርተው ኋላ ተመልሰው የተፈተሹም አሉ። ይህ አልተመለሰም። ክፍሉን ስለካው ደግሞ ለ2½ ኢንች ቀለህ የተሠራ ነው። አሜሪካ ሱቅ ውስጥ በብዛት የሚሸጠው የ12 ጌጅ ጥይት 2¾ ነው። ተንኮሉ ያለው እዚህ ላይ ነው። ረጅሙ ጥይት ሳይተኮስ በፊት አፉ ታጥፎ የተዘጋ ስለሆነ ሰተት ብሎ ይገባል፤ ጠመንጃውም ይዘጋል። ሲተኮስ አፉ ይከፈትና የሚዘረጋበት ቦታ ያጣል። ግፊቱ ይጨምራል። ግራው በርሜል ላይ፣ ልክ የግራ እጅ የሚይዝበት ቦታ፣ ጣቴ ስትሄድ የሚሰማት ስርጉዳት አለ። የደማስቆ ብረት ብየዳው ውስጥ የተደበቀውን ዝገት ከውጭ ማንም አያይም። ደማስቆ ሁሉ ይፈነዳል የሚለው ወሬ የተጋነነ ነው፤ በባለሙያ ተለክቶና ተፈትሾ ዛሬም የሚተኮስበት አለ። ይሄኛው ግን ከእነሱ አንዱ አይደለም።

ጋሼ ጥይት እንዳልጎረሰ ራሳቸው አንዴ ከፍተው አዩና ዘጉት። ቁልፉ ጠቅ ሲል ፈገግ አሉ።

ከጠመንጃው ጋር እንዲያስቀምጡት የጻፍኩላቸው ወረቀት ይህን ይላል። "ባለሁለት አፈሙዝ የአደን ጠመንጃ፣ 12 ጌጅ፣ ባለ መዶሻ፣ ባለ ደማስቆ በርሜል። በርሚንግሃም ተሠርቶና ተፈትሾ በሊቨርፑሉ ደብልዩ ሪቻርድስ ስም የተሸጠ። ከ1875 እስከ 1887 ባለው ጊዜ የተፈተሸ፣ ይልቁንም ከ1877 ወዲህ። ሦስቱም ክፍሎች አንድ ቁጥር አላቸው። በጥቁር ባሩድ ብቻ የተፈተሸ፤ አይተኮስም።" ከሥሩ የማህተሞቹን ፎቶና ያን የእርሳስ ቅብ አያይዤበታለሁ። የፌዴራሉ ሕግ እንደ ጥንታዊ ቢያየውም ክፍለ ግዛቶች የየራሳቸው ደንብ ስላላቸው፣ ሜሪላንድ ላለው ልጃቸው ከማስተላለፋቸው በፊት እዚያ ሕግ የሚያውቅ ሰው እንዲጠይቁ ነግሬያቸዋለሁ።